ከሃንግዡ ሐይቅ ዳር፦ እንኳን ለመስቀል አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ!

ዘንድሮ መስቀልና የቻይናዎቹ የጨረቃ በዓል ተገጣጠሙ ማለት ይቻላል። የእነሱ በዓል በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ15ኛው ቀን፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይከበራል። ዘንድሮ አርብ ዋለ፤ በማግስቱ ቅዳሜ የእኛ ደመራ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። ቤት ቁጭ ብዬ ከምናፍቅ ብዬ ከሻንጋይ በፈጣኑ ባቡር ሃንግዡ ወረድኩ። አንድ ሰዓት ያህል ነው መንገዱ።

ሃንግዡ የሚኬደው ለምዕራብ ሐይቅ ነው። መግቢያ አይከፈልም፤ ስለዚህ ቻይና በሙሉ እዚያ ነበረች። ድልድይ ላይ ቆሜ ፎቶ አነሳለሁ የሚል ሰው ይርሳው፤ ሕዝቡ ራሱ ገፍቶ ያሻግረዋል። ደስ የሚለው ሽታው ነው። በዚህ ወቅት የሚያብቡ ትንንሽ ቢጫ አበቦች ያሏቸው ዛፎች አሉ፤ ከተማው በሙሉ እነሱን እነሱን ይሸታል። ለእኔ ያው አደይ ናቸው፤ ወራቸውም ቀለማቸውም።

የበዓሉን ኬክ ለምትቀምሱ አንድ ምክር፦ ሳትገምጡ ጠይቁ። ጣፋጩ በሎተስ ፍሬና በጨው በተያዘ የእንቁላል አስኳል የተሞላ ነው። በዚህ አካባቢ የሚወደደው ትኩሱ ግን ውስጡ የአሳማ ሥጋ ነው። ሻጯ ሴትዮ በፈገግታ ስታቀብለኝ እምቢ ማለቱ ራሱ ሥራ ነበር።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ሐይቁ ነው። የባለ አንድ ዩዋኗን ኖት ጀርባ ያያችሁ፣ ውሃ መሀል የቆሙ ሦስት ትንንሽ የድንጋይ ማማዎች ታስታውሳላችሁ። አምስት አምስት ክብ ቀዳዳ አላቸው። በጨረቃ በዓል ሻማ ሲበራባቸው ብርሃኑ ውሃው ላይ ብዙ ትንንሽ ጨረቃ ይመስላል። ሰው ለዚህ ይሰለፋል። የማማዎቹ ታሪክ ግን ከጨረቃ ጋር አይጀምርም። የሚጀምረው ከአረም ጋር ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1090 ገደማ የከተማው አስተዳዳሪ ሱ ዶንግፖ ነበር፤ ቻይናዎች እስከ ዛሬ የሚወዱት ገጣሚ። በእሱ ጊዜ የሐይቁን ግማሽ ያህል አረም ውጦታል። ገበሬው የመስኖ ውሃ፣ ከተማው የሚጠጣው ሊያጣ ነው። ሰውየው ለንጉሡ አቤት አለ። ገንዘቡን ያገኘው ደግሞ የምንኩስና ፈቃድ ወረቀት በመሸጥ ነው። በዚያ ዘመን ወረቀቱ ከግብር ነፃ ስለሚያደርግ ገዢ ነበረው። አረሙ ተነቀለ፣ ጭቃው ተዛቀ። ይህ ሁሉ ጭቃ የት ይጣላል? ሐይቁን ከደቡብ ሰሜን የሚያቋርጥ መንገድ ሠሩበት። ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ስድስት ድልድይ ያለው፣ ዛሬ ፍቅረኞች የሚንሸራሸሩበት መንገድ ያ ጭቃ ነው።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። የሐይቁን ዳር ዳር ለገበሬዎች አከራየ፤ የሚበላ ፍሬ ያለው የውሃ ተክል እንዲተክሉ። ተክሉን ለመትከል በየዓመቱ አረሙን ከሥሩ መንቀል ግድ ነው። ኪራዩ ደግሞ ለጽዳቱ ይውላል። ታዲያ ገበሬው እየገፋ መሀል እንዳይገባ ወሰን ያስፈልግ ነበር። ሦስቱ ማማዎች ወሰን ነበሩ! አሁን የቆሙት በ17ኛው መቶ ዘመን እንደገና የተሠሩ ናቸው እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን ሰምቶ እምቦጭን ካላሰበ ልቡ የለም ማለት ነው። በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። በዘመቻ ይነቀላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዝናቡ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ልኩ አንድ አይደለም፣ አውቃለሁ። ምዕራብ ሐይቅ 6.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ከ3,000 በላይ። አረሙም ሌላ ነው። እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፤ ማዳበሪያ የታጠበበት ውሃ ሲያገኝ ይፋፋል። ግን ሱ ዶንግፖ ከነቀላው በኋላ ለሚመጣው ዓመት ያሰበውን ያህል እኛ አስበናል ወይ? ለእኔ መልሱ ገና ነው። በዓል ላይ ስለ አረም አወራህብን የምትሉኝ ይቅርታ፤ ደመራም እኮ ከክረምት በኋላ ነው የሚደመረው፣ አረሙም ያኔ ነው የሚታየው።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ማታ በባቡር ስመለስ ነው። መስቀል አደባባይ ደመራው ሲለኮስ እዚህ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ይሆናል፤ በስልክ እናየዋለን። ለጣና ዳር ሰዎች በተለይ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ዘመኑ የሰላም ይሁንላችሁ፤ ውሃችሁ ይጥራ፣ ዓሣችሁ ይብዛ።

ሻንጋይ ያላችሁ ልጆች፣ ነገ እኔ ጋ ነው። ዳቦው በሩዝ ማብሰያ ይጋገራል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። በርበሬ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ኬክ የምታመጡ ግን ውስጡን ጠይቃችሁ ግዙ።