ይሄ ውሃ ለማን ነው? ከአክስቴ ጋር በደቡብ ፈረንሳይ ኮረብታዎች

ከቱሉዝ በስተምሥራቅ ሞንታኝ ኗር የሚባል ተራራ አለ። ከእሱ ተነስታችሁ በኮረብታው ላይ ወደ ሜዲትራኒያን በኩል ስትነዱ በየሸለቆው ሐይቅ ታያላችሁ። ጫካ ከቦታል፣ ዳክዬ ይዋኝበታል፣ ልጆች ካያክ ይቀዝፉበታል። የተፈጥሮ ይመስላል። ትንሽ ዞር ብላችሁ ጥጉን ስታዩ ግን ግድብ ታገኛላችሁ። እኔ ያየኋቸው በሙሉ ሰው የሠራቸው ናቸው።

ይህን ጉዞ የሄድኩት ከአክስቴ ከእቴቴ ጋር ነው። ከናዝሬት ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ቱሉዝን አሳየኋት፣ ጥሩ ነው አለች፣ ከዚያ ሰለቻት። «ከተማ ሁሉ ከተማ ነው፣ ገጠራቸውን አሳየኝ» አለችኝ። መኪና ተከራየሁና ወጣን። በየሐይቁ ዳር ደግሞ ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ «ይሄ ውሃ ለማን ነው?» መጀመሪያ ላይ አሳቀኝ። በኋላ ግን እዚያ አገር ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ እሱ ብቻ መሰለኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ሳን ፌሬዮል የሚባል ሐይቅ ነው። ረቬል ከምትባል ትንሽ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ቅዳሜ ከሆነ ረቬልን ዝም ብላችሁ እንዳታልፏት። አደባባዩ መሃል ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ፣ ሰፊ የእንጨት ጣሪያ የተሸከመ ገበያ አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት አገሩ ሁሉ እዚያ ነው። እቴቴ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን አንስታ ዋጋ መከራከር ጀመረች፣ በአማርኛ። እዚህ ክርክር የለም ብላት አልሰማችኝም። ሻጩ ሳቀ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትም መረቀላት።

ሳን ፌሬዮል 67 ሄክታር ገደማ ነው። የዙሪያው መንገድ ደልዳላ ስለሆነ ጉልበቱን ለሚያመው ሰውም ይሆናል፣ እቴቴ ቀስ እያለች ዞረችው። የተሠራው ከ1667 እስከ 1672 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ያኔ ማንም ለመዋኘት ብሎ አልገደበውም። ፒየር ፖል ሪኬ የሚባል የቤዚዬ ሰው ነበር፣ ሥራው የጨው ግብር መሰብሰብ። ይሄ ሰው ከቱሉዝ ተነስቶ እስከ ሜዲትራኒያን ዳር 240 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጀልባ ቦይ እቆፍራለሁ ብሎ ንጉሡን ሉዊ 14ኛን አሳመነ። ካናል ዱ ሚዲ የሚሉት እሱ ነው። መቆፈሩስ ይቆፈራል፣ ውሃው ከየት ይመጣል? ቦዩ ኖሩዝ የሚባል ቦታ ላይ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በአንድ በኩል ወደ አትላንቲክ፣ በሌላው ወደ ሜዲትራኒያን ይወርዳል። ጀልባ በወጣና በወረደ ቁጥር ውሃው ከከፍታው ወደ ታች ይሄዳል፣ ስለዚህ ከላይ ያለማቋረጥ መሙላት አለበት። ሪኬ የሞንታኝ ኗርን ጅረቶች እየጠለፈ በትንንሽ ቦይ ወደ ኖሩዝ አወረዳቸው። ጅረቶቹ ለሚቀንሱበት ለደረቁ ወራት ደግሞ ሳን ፌሬዮልን ገደበ። ውሃ ጠልፎ የሚያጠጣ ገበሬ የሚያውቀው ነገር ነው፣ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።

ግድቡ 780 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሦስት የድንጋይ ግንብ አለ፣ በመሃላቸው አፈር ተሞልቷል። ያንን አፈር በቅርጫት ያመላለሱት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ይህን ስነግራት እቴቴ መራመዷን አቆመች።

«ተከፍሏቸዋል?»

ተከፍሏቸዋል አልኳት። ሪኬ ሠራተኞቹን በወር ደመወዝ ነበር የሚቀጥረው፤ እሁድና በዓል፣ ዝናብ የጣለበት ቀን፣ የታመሙበትም ጭምር ይታሰብላቸው ነበር፣ ለዚያ ዘመን ያልተሰማ ነገር ነው።

«ከወንዶቹ እኩል?»

እኩል አልነበረም።

«አውቄዋለሁ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ሪኬ ራሱ ሀብቱን ቦዩ ላይ አፍስሶ፣ ዕዳ ውስጥ ሆኖ በ1680 ሞተ። ቦዩ የተከፈተው በቀጣዩ ዓመት ነው። አሁን በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ የቱሪስት ጀልባ ይርመሰመስበታል፣ ካስቴልኖዳሪ ላይ ደግሞ ሰፋ ብሎ ራሱ ሐይቅ የሚመስልበት ቦታ አለ። የሪኬን ስም በየከተማው መንገድ ላይ ታነባላችሁ። የቅርጫት ተሸካሚዎቹን አላየሁም።

ከግድቡ በታች ያለው መናፈሻ ደስ ይላል። 20 ሜትር ያህል ወደ ላይ የሚተኮስ የውሃ ፏፏቴ አለ፤ ፓምፕ የለውም፣ የሐይቁ ክብደት ብቻ ነው የሚገፋው። በግድቡ ሆድ ውስጥ ደግሞ ወደ ትልልቆቹ የውሃ መክፈቻዎች የሚያስገባ ዋሻ አለ። ሙዚየምም አለ፤ የቦዩን አሠራር ከማንም በተሻለ የሚያስረዳው እሱ ነው፣ ጊዜ ካላችሁ ከሐይቁ በፊት እሱን እዩ።

ስንደርስ የበጋው መጨረሻ ስለነበር ውሃው ወርዷል። ዳር ዳሩ ላይ ሣር የማይበቅልበት ባዶ አፈር ይታያል። በፎቶ ላይ የማይታየው ይሄ ነው። በጋውን ሙሉ ታች ጀልባዎቹ ሲጠጡት ከርመዋል፣ ላይ ያለው ደግሞ ይሄን ያህል ሲጎድል ያያል።

ከዚያ ወደ ላይ ወደ ላምፒ ነዳን። ላምፒ የተገደበው ከ1777 እስከ 1782 ነው። ቦዩ ወደ ናርቦን የሚሄድ ቅርንጫፍ ሲጨመርለት የሳን ፌሬዮል ውሃ አልበቃ አለ። ትንሽ ሐይቅ ናት። ዙሪያዋ ግንዱ ግራጫና ልሙጥ የሆነ ረጃጅም ዛፍ ነው፣ ከታች ጥላው ቀዝቃዛ፣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ ላምፒን እመርጣለሁ። በመንገድ ላይ ሌ ካማዝ መንደር ጋ ቆም በሉ። እዚያ ጅረቶቹን የምትሰበስበው ያቺ ትንሽ የውሃ ቦይ 122 ሜትር የድንጋይ ዋሻ ውስጥ ትገባለች፣ በ1680ዎቹ የንጉሡ ምሽግ ሠሪ ቮባን ያስቆፈረው ነው። በቦዩ ዳር ያለው የእግር መንገድ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ውሃው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ አንተም ከእሱ ጋር።

ያን ቀን ማታ ነፋስ ተነሳ። ኦታን ይሉታል። ከደቡብ ምሥራቅ ነው የሚመጣው፣ ሲጀምር ቶሎ አይተውም፣ የአካባቢው ሰው ያሳብዳል ይላል። የተኛንበት ቤት መስኮት ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አደረ። እቴቴ ጠዋት ስትነሳ «እውነታቸውን ነው» አለች።

በማግስቱ ወደ ኦ ላንግዶክ ኮረብታዎች ገባን። እዚህ አንድ ምክር ልስጥ። ገጠር ፈረንሳይ ውስጥ ምሳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ከ2 ሰዓት አሥር ደቂቃ አሳልፈን አንድ ምግብ ቤት ገባን። ወንበሩ ባዶ፣ አስተናጋጁ ቆሟል፣ ወጥ ቤቱ ግን ተዘግቷል። እንቁላል እንኳን? የለም። እሁድ ስለነበር ሱቁም ዝግ፣ ዳቦ ቤቱም ዝግ። እቴቴ ምንም ሳትል ቦርሳዋን ከፈተችና ከናዝሬት ያመጣችውን ዳቦ ቆሎ አወጣች። «ስንቅ ሳይዙ መንገድ ይወጣል?» አለችኝ። ራቪዬዥ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን እሱን በላን።

ራቪዬዥ የተገደበው በ1957 ነው፣ ለመብራት። ላ ሳልቬታ የምትባል መንደር አናቱ ላይ አለች፣ ቤቶቿ የድንጋይ፣ መንገዶቿ ጠባብ። በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው ሳልቬታ የሚባለው ባለ ጋዝ ውሃ ከዚህ ነው የሚመጣው። ለእቴቴ አስቀመስኳት። ጋዙ ለስለስ ያለ ነው። «አምቦ የለመደ ሰው ይሄን ውሃ አይለውም» ብላ ለእኔ መለሰችልኝ። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

ብዙም ሳይርቅ ላውዛስ አለ። ይሄኛው ታሪኩ ይገርማል። ሐይቁ ያረፈበት ወንዝ በተፈጥሮው ወደ ምዕራብ ነው የሚወርደው፤ ወደ አጉ ወንዝ፣ ከዚያ እያለ እያለ አትላንቲክ ይገባል። በ1960ዎቹ ግድቡ ሲሠራ ግን ተራራውን በስተው ውሃውን በሌላ በኩል አወጡት። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ሞንታዩ የሚባል ማመንጫ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። አስቡት፤ እዚያ ኮረብታ ላይ የዘነበ ዝናብ የሚገባበትን ባሕር ሰው ቀየረለት። ሐይቁ ዳር ሆናችሁ ይሄ አይታይም። ያየነው አሣ አጥማጅ፣ ጀልባ፣ አይስክሬም የሚበላ ሕፃን ነው። «ለማን ነው?» ስትለኝ ለመብራት አልኳት። «የእነሱ መንደር መብራት?» መብራቱ መስመር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የማንም ነው። በመልሴ ደስ አላላትም።

መጨረሻ ላይ ያየነው ሳላጉን ነው። ከኮረብታው ወደ ኤሮ ወንዝ ሸለቆ ዝቅ ሲሉ ነው፣ ክሌርሞን ለሮ ከምትባል ከተማ አጠገብ። እዚህ ሁሉ ነገር ይቀየራል። መሬቱ ቀይ ነው፣ ብረት የበዛበት ከዳይኖሰር በፊት የነበረ ደለል፣ በርበሬ የተሰጣበት ይመስላል። በመሃሉ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጣል ጣል ብሏል። ሰዎች በቀዩ ዳገት ላይ በድንጋይ ስማቸውንና የፍቅረኛቸውን ስም ይጽፋሉ፣ ከሩቅ ይነበባል። ወደ 700 ሄክታር የሚሆን ሰማያዊ ውሃ በዚያ ቀይ ላይ ተኝቷል። ፎቶ የማይወድ ሰው እንኳን ስልኩን ያወጣል።

የሳላጉ ግድብ በ1960ዎቹ መጨረሻ ያለቀ ነው። የአካባቢው ገበሬ ወይን ነበር የሚተክለው፣ የወይን ገበያ ሲወድቅ መንግሥት በመስኖ ፍራፍሬ እንትከል አለ። ለዚያ ውሃ ያስፈልጋል፣ ውሃው ደግሞ ሴል የምትባለውን መንደር ይውጣል ተባለ። ሰዎቹ ካሣ ተሰጥቷቸው ወጡ። ከዚያ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 139 ሜትር ከፍታ ሞላ፣ ሁለተኛው ዙር ወደ 150 ከፍ ሊያደርገው ነበር። አላደረገውም። ውሃው መንደሯ በር ላይ ደርሶ ቆመ። ፍራፍሬውም እንደታሰበው አልሆነም፣ አሁንም ዙሪያው ወይን ነው።

ስለዚህ ሴል አልሰጠመችም። ቤቶቹ ግን ባዶ ቀሩ፣ ጣሪያቸው ወደቀ፣ ለአሥርተ ዓመታት የቆሙት ቤተ ክርስቲያኑና ማዘጋጃ ቤቱ ነበሩ። አሁን እየተጠገነች ነው፣ በቅርብ ዓመታት ሰው ተመልሶ መኖር ጀምሯል። ግማሹ ግድግዳ አዲስ፣ ግማሹ ፍርስራሽ። እኔ ቱሪስት ሆኜ ተዟዙሬ አየሁት። እቴቴ ግን አንዱ በር ላይ ቁጭ አለች። የቆቃ ግድብ በ1960 ሲያልቅ ከአዋሽ ዳር የተነሱ ሰዎች እንደነበሩ በልጅነቷ ስትሰማ ነው ያደገችው። «እነዚያስ ውሃው መጥቶባቸው ነው» አለች፣ «እነዚህን ምንም ሳይመጣባቸው አስነሷቸው?» እኔም ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው ቃል አላገኘሁም። መሐንዲሶቹ ምክንያት ነበራቸው፣ ገበያውም በእውነት ወድቆ ነበር፤ ግን ቤትህን ዘግተህ ስትሄድ ውሃው እንደሚመጣ ተነግሮህ፣ ከዚያ በየዓመቱ ተመልሰህ መጥተህ ደረቅ ሆኖ ማየት፣ ያናድዳል።

ለማን ነው ላለችው እዚህ መልስ ነበረኝ። ጎርፍ ይይዛል። በበጋ ጫካ ሲቃጠል ካናዴር የሚባሉት ቢጫና ቀይ አውሮፕላኖች ሆዳቸውን ውሃው ላይ አድርገው ከዚህ ይቀዳሉ፣ ሲመጡ ዋናተኛው ቦታ ይለቅላቸዋል። የቀረው ለዋናተኛውና ለጀልባው ነው። ይሄንን ወደደችው፣ የእሳቱን።

መሄድ ለምታስቡ፦ መኪና የግድ ነው፣ አውቶቡስ አለ ቢሏችሁም አትመኑት። በሰኔ ወይም በመስከረም ሂዱ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሳላጉ ዳር መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ቀኑ ያልቃል። ለሳላጉ ነጭ ጫማ አታድርጉ፣ ያ ቀይ አፈር በሳሙና አይለቅም። ከሴል በኋላ ሰዓት ከተረፋችሁ ሞሬዝ ቅርብ ነው፣ ድንጋዩ ሰው መስሎ የቆመበት መንደር፣ ግን ዳገት አለው። ስንቅ ያዙ፣ በተለይ እሁድ።