የዩሪያ ሥርዓት ብልሽት፦ ሴንሰር ከመግዛት በፊት የሚመረመሩ ነገሮች

በዘመናዊ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ላይ ባለቤቱን የሚያማርሩ፣ መካኒኩንም ያለ ውጤት መለዋወጫ የሚያስለውጡ ብልሽቶች ቢቆጠሩ የዩሪያ ሥርዓት፣ ማለትም ዩሪያ ያለበትን ፈሳሽ በጭሱ ውስጥ እየረጨ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለውን ጎጂ ጋዝ የሚቀንሰው ክፍል፣ ከፊተኞቹ ተርታ ይሰለፋል። የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፣ ስካነር ይሰካል፣ ፒ20ኢኢ የሚል ኮድ ይነበባል፤ ወዲያውም ከካታሊስቱ (ጭሱን ከሚያጣራው ክፍል) በኋላ ያለው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰር ተፈትቶ በአዲስ ይተካል። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ያው ኮድ ተመልሶ ይመጣል። በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ መነሻ ኮዱን አሳስቶ መረዳት ነው። ፒ20ኢኢ፣ በከባድ መኪኖች ደግሞ ኤስፒኤን 4364 ኤፍኤምአይ 18 የሚባለው ኮድ፣ የሚናገሩት ካታሊስቱ ማጣራት የሚገባውን ያህል እንዳላጣራ ብቻ ነው፤ ለምን እንዳላጣራ ፈልጎ ማግኘት የመርማሪው ሥራ ነው።

ለዚህም ሥርዓቱ የሚሠራበትን ቅደም ተከተል በሐሳብ መያዝ ይጠቅማል። በሰልባትዮው ውስጥ ያለው ፈሳሽ 32.5 በመቶው ዩሪያ፣ ቀሪው ከማዕድናት የጸዳ ውሃ ነው። ፓምፑ ፈሳሹን በፊልትሮ አሳልፎ በግፊት ወደ ኢንጀክተሩ ይልከዋል፤ ኢንጀክተሩ በጋለው ጭስ ውስጥ ይረጨዋል፤ ዩሪያው በሙቀቱ ተለውጦ አሞኒያ ይሰጣል፤ አሞኒያውም በካታሊስቱ ላይ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ናይትሮጅንና ውሃ ይሆናል። ከካታሊስቱ በፊትና በኋላ የተተከሉት ሁለት ሴንሰሮች የገባውንና የወጣውን ይለካሉ፣ ኮምፒዩተሩም ልዩነቱን አስልቶ ይፈርዳል። ከፈሳሹ ጥራት አንሥቶ እስከ መጨረሻው ሴንሰር ድረስ የትኛውም ቦታ የተፈጠረ ጉድለት በዚሁ አንድ ኮድ ሊገለጥ ይችላል።

ምርመራውን ከፈሳሹ የምጀምረው ርካሽም ፈጣንም ስለሆነ ነው። ለዩሪያ በተሠራ ሪፍራክቶሜትር (በብርሃን መታጠፍ የፈሳሽን ይዘት በሚለካ መሣሪያ) ላይ ጥቂት ጠብታ አድርጎ ሲታይ ንባቡ ዓለም አቀፉ የጥራት መስፈርት አይኤስኦ 22241 በሚፈቅደው መጠን፣ ማለትም ከ31.8 እስከ 33.2 በመቶ መካከል መውደቅ አለበት። ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ከሆነ ውሃ ተጨምሮበታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የብርሃንን መታጠፍ እንጂ የተሟሟውን ነገር ማንነት ስለማይለይ፣ ትክክለኛ ቁጥር ስላሳየ ብቻ ፈሳሹ ንጹሕ ነው ተብሎ መደምደም የለበትም። በጠራ ብርጭቆ ቀድቶ ማየትም ያስፈልጋል፤ ናፍጣ ገብቶበት ከሆነ ከላይ ይንሳፈፋል። ናፍጣ የነካው ሥርዓት ደግሞ ሰልባትዮውን በማጠብ ብቻ አይድንም፤ የፓምፑና የኢንጀክተሩ ጎሚኒዎች ናፍጣውን መጥጠው ስለሚያብጡ ጉዳቱ ዘግይቶ ይገለጣል። ዕድሜም ይታሰብ፦ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተቀመጠ ፈሳሽ 18 ወር ያህል ሲቆይ፣ በ35 ዲግሪ የቆየው ግን ከ6 ወር በኋላ አያስተማምንም።

ቀጥሎ ቱቦዎቹንና መጋጠሚያዎቹን በዓይን ማየት ነው። ዩሪያ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ራሱ ይጠቁማል፤ ውሃው ተንኖ ነጭ፣ ጨው የመሰለ ቅርፊት ይተዋል። ቅርፊቱ በሞቀ ውሃ ይሟሟል፤ በማርሚታው ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሙቀት ያገኘው ክምችት ግን ወደ ሌሎች ውሁዶች ስለሚለወጥ በውሃ አይለቅም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ልማድ አለ። ቁልፍ ከተዘጋ በኋላ ፓምፑ በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ወደ ሰልባትዮው መልሶ ይስባል፤ ይህ ሳያልቅ ባትሪ የሚፈታ ወይም ዋናውን ማብሪያ የሚያጠፋ ሰው ፈሳሹ በቱቦና በኢንጀክተር ውስጥ እንዲደርቅ ያደርጋል። ሞተር ባጠፋ ቁጥር ወዲያው ባትሪ የሚቆርጥ ሾፌር ካለ፣ ተደጋጋሚ የኢንጀክተር መዘጋት ከየት እንደመጣ ብዙ መፈለግ አያሻም።

የግፊት ኮድ፣ ለምሳሌ ፒ20ኢ8፣ ከመጣ ፓምፑን ከመወንጀል በፊት ፊልትሮው፣ የመሳቢያው ማጣሪያና የመመለሻው ቱቦ ይታያሉ። በቀዝቃዛ አካባቢ ፈሳሹ ከዜሮ በታች በ11 ዲግሪ ስለሚረጋ የማሞቂያዎቹን ሁኔታም ማየት ግድ ነው። ግፊቱ ትክክል ከሆነ ኢንጀክተሩን ከነቱቦው ከማርሚታው ፈትቶ ልኬት ባለው ብርጭቆ ውስጥ በስካነር ትእዛዝ ማስረጨት ይቻላል። የተጠራቀመው መጠን አምራቹ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል፤ አረጫጨቱም ደቃቅና የተበተነ እንጂ እንደ ክር የሚወርድ መሆን የለበትም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሴንሰሮቹ ንባብ ነው። አብዛኞቹ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰሮች አሞኒያን ለይተው አያውቁትም፤ ሳይዋሃድ ሾልኮ ሲያልፋቸው እሱንም ደምረው ይቆጥሩታል። በመሆኑም ዩሪያ ያነሰውም የበዛበትም ሥርዓት በስካነሩ ላይ አንድ መልክ ይይዛል፦ መውጫው ላይ ከፍ ያለ ንባብ። አንድ የጭነት መኪና ሴንሰሩ ሌላ ቦታ ተቀይሮለት ኮዱ ሳይጠፋ ቀርቶ መጥቶ ነበር። ሞተሩ ሞቆ ጭነት ላይ ሳለ የመውጫው ንባብ ከመግቢያው ብዙም አያንስም ነበር። መርጨቱ በትእዛዝ ሲቆም የመውጫው ንባብ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወረደ፤ ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ብሎ ቆይቶ፣ በካታሊስቱ ውስጥ የተጠራቀመው አሞኒያ ሲያልቅ ቀስ በቀስ ወጥቶ ከመግቢያው ጋር ተስተካከለ። በዚህች አጭር ፈተና ሦስት ነገር ታወቀ፦ ሁለቱም ሴንሰሮች ይስማማሉ፣ ካታሊስቱ ይሠራል፣ ዩሪያው ግን ከልክ በላይ ይገባል። ኢንጀክተሩ ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ በነጭ ክምችት ተከቦ ነበር፤ በብርጭቆ ሲሞከርም ትእዛዙ ከቆመ በኋላ ማንጠባጠቡን አላቆመም። የተገዛው ሴንሰር ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

መርጨት ቆሞ፣ አሞኒያውም ካለቀ በኋላ ሁለቱ ንባቦች ካልተቀራረቡ ነው አንድ ሴንሰር መጠርጠር ያለበት። ያኔም ቢሆን የሶኬቱን ኤሌክትሪክና የጭስ መሹለኪያ ማየት ይቀድማል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሴንሰሩ ምንም ንባብ ባይሰጥ ብልሽት አይደለም፤ በማርሚታው ውስጥ ያለው እርጥበት እስኪደርቅ ድረስ የሴራሚክ ክፍሉ እንዳይሰነጠቅ ተብሎ ማሞቂያው ሙሉ ኃይል አያገኝም። የመግቢያው ንባብ ራሱ ከተለመደው እጅግ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከሞተሩ ሊሆን ይችላል፤ ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ ተዘግቶ ከቀረ ዩሪያው በቂ ቢሆንም አይችለውም።

ኮምፒዩተሩን የሚያታልሉ መሣሪያዎችን ገጥሞ መብራቱን ማጥፋት ጥገና ነው ብዬ አልቆጥረውም፤ የታመመው ኢንጀክተር ማንጠባጠቡን ይቀጥላል፣ ክምችቱም ማርሚታውን ጠባብ ያደርገዋል። ትክክለኛው ጥገና ከተደረገ በኋላም ኮዱን በስካነር ማጥፋት ብቻ ኮምፒዩተሩ በብልሽቱ ምክንያት በሞተሩ ላይ የጣለውን የኃይል ቅነሳ ላያነሣ ይችላል። በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ ቅነሳው የሚነሣው ኮምፒዩተሩ ራሱ ማጣራቱ መስተካከሉን ሲያረጋግጥ ነው፤ ለዚህም በስካነሩ የሚታዘዘውን የካታሊስት ብቃት ፈተና ማስኬድ፣ ፈተናው ከሌለም መኪናውን ጭነት አስይዞ ጭሱ በደንብ እስኪግል ድረስ መንዳት ያስፈልጋል። በሚኒሞ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ያን ሙቀት አያገኝም።