የሚደማው ሥጋ

ጅማ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ድሬሲንግ (ቁስል የሚጸዳበትና የሚታሸግበት) ክፍል የተመደብኩ ሰሞን ነው። ከጅሬን በኩል የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ የቡና ማሳ ሲመነጥሩ ገጀራ ቅልጥማቸውን ከፍቶታል። ቤት ቆይተው ስለመጡና ቁስሉ ስለቆሸሸ አልተሰፋም፤ ከሥር እየሞላ እንዲመጣ ተትቷል።

በአሥረኛው ቀን ተራው የኔ ሆነ። ጎዙ፣ የቁስሉ መሸፈኛ ጨርቅ፣ ደርቆ ተጣብቋል፣ ወረፋው በር ደርሷል። ጥርሴን ነክሼ ላጥኩት (ጥርስ የነከሱትስ እሳቸው ናቸው)። ሥሩ ቀይ፣ በደም የተለወሰ ቂንጬ የመሰለ፣ ነካ ሲያደርጉት የሚደማ ሥጋ። አመርቅዟል ብዬ ጀርም የሚገድለውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አፈሰስኩበት። አረፋው ሲንተከተክ ደስ እያለኝ ፈተግኩት።

«ልጄ፣ ባለፈው እንዲህ አላመመኝም እኮ» አሉ።

ድምፃቸውን ሰምታ አንጋፋዋ ነርስ ገባች።

«ምኑን ነው የምትጠርጊው?»

«ኢንፌክሽኑን።»

«ይሸታል? መግል አለው? ዙሪያው ይሞቃል?»

ሦስቱም የሉም።

«እንግዲያው ሰውነቱ የገነባውን ነው ያፈረስሽው።»

ግራኑሌሽን ቲሹ፣ ቁስልን ከሥር የሚሞላው አዲስ ሥጋ! ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ እግር ላይ ሳየው ግን አላወቅሁትም። ደሙ ከቆመ በኋላ ነጭ የደም ሴሎች ገብተው ጀርሙንና የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ። ከነሱ መካከል ማክሮፌጅ የሚባሉት ከማጽዳቱ ጎን ለጎን ግንበኞቹን ይጠራሉ። ግንበኞቹ፣ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሴሎች፣ ኮላጅን የተባለውን የፕሮቲን ክር ይዘረጋሉ፣ በመሃሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያቆጠቁጣሉ። ቂንጬ ያልኩት እነዚያን ለጋ የደም ሥሮች ነው፤ ቢደማ ምን ይገርማል? ከዳር የሚመጣው ቆዳ የሚሳበው በዚህ ላይ ነው፣ እሱም እርጥብ ከሆነለት። ፐርኦክሳይዱ ደግሞ ጀርሙን ከአዲሱ ሴል አይለይም።

ከዚያ ወዲያ ጎዙን በሳላይን (ንጹህ የጨው ውሃ) አርሼ፣ ራሱ እስኪለቅ እጠብቅ ጀመር። ወረፋው ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቁስሉ ገጥሞ መጡ። ጆንያ መሸከም እችላለሁ ወይ አሉኝ። ትንሽ ይታገሡ አልኳቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት ጠባሳ የቀድሞውን ቆዳ ጥንካሬ ሩቡን እንኳ አይዝም፣ ከወራት በኋላም ቢሆን ከ80 በመቶ ብዙ አያልፍም።

የሚያብለጨልጨውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። «ፀጉሩስ መቼ ይበቅላል?»

«ጠባሳ ላይ አይበቅልም አባባ። ላብም አይወጣበትም።»

«አልሐምዱሊላህ፣ እግሩ ይሂድልኝ እንጂ ፀጉሩ ምን ያደርግልኛል» ብለው ጫማቸውን አጠለቁ።