ሃያ አንድ ሊትር

ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል። ዘጠነኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ። በእጄ ባለፉት የመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የአካባቢ ጥበቃ መጨረሻ ላይ ነው የሚገኘው። ፈተና ሲቃረብ፣ ጊዜ ሲያልቅ፣ "ይሄንን ቤታችሁ አንብቡት" ተብሎ የሚታለፈው እሱ ነው። በዚያ ዓመት ግን ደረስኩበት። ደስ ብሎኝ ሰሌዳው ላይ "የውሃ ሀብትን መንከባከብ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ከሥሩ ሰባት ነጥቦች ደረደርኩ። ሦስተኛው "የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎችን በወቅቱ መጠገን" ይላል።

መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ይሄኛውስ መቼ ነው የሚጠገነው?" ብሎ በአገጩ ወደ ውጭ ጠቆመ። ከመስኮቱ ሥር ያለው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ፣ እኔ እዚያ ከመቀጠሬም በፊት ጀምሮ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ቆጣ ብዬ "ወደ ትምህርታችን እንመለስ" አልኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነው ያፈርኩት። ከዚያ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነበር እኮ! ወደ ትምህርታችን መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሰባቱን ነጥቦች ትቼ ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። ባዶ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ከቧንቧው ሥር አስደገፍን፤ አንድ ልጅ ሰዓት ያዘ። በ67 ደቂቃ ሞላ። (የኔ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ስለሆነ የተረፈውን ከሒሳብ መምህሩ ነው የቀማሁት፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በደንብ ሰላም አላለኝም።) በቀን 1,440 ደቂቃ አለ፤ ለ67 ሲካፈል 21 ሊትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ሌላው ቡድን በሌላ መንገድ ሄደ። ጠብታው በሰከንድ አንድ መሆኑን ቆጠሩ፤ 100 ጠብታ በብርጭቆ ሰብስበው ቤተ ሙከራ ውስጥ ባለችው አሮጌ ሚዛን መዘኑት፤ 25 ግራም። አንዷ ጠብታ ሩብ ግራም ማለት ነው። በቀን 86,400 ሰከንድ አለ፤ በሩብ ግራም ሲባዛ 21.6 ሊትር። ሁለቱ ቡድኖች ቁጥሮቻቸውን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሲጽፉ የተሰማው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ስለ ጠብታ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። አንዷ ዝም ብላ በ365 አባዛችውና "ቲቸር፣ በዓመት ከ7,800 ሊትር ይበልጣል" አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም አያኮራም። ልጆቹ ደብዳቤ ጻፉ። ርዕሰ መምህሩ የጥገና መጠየቂያ ቅጽ መሞላት አለበት አሉ። ቅጹ ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ስብሰባ ላይ ናቸው። ቆይተው ይመጣሉ። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ በልጆቹ ስሌት ወደ 450 ሊትር። በመጨረሻ የጥገና ሠራተኛው መጡ፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ትንሽ የመሣሪያ ቦርሳ ያነገቡ ሰው። ቧንቧውን ፈትተው ከውስጡ የተበላች ትንሽ ጎማ አወጡና መዳፋቸው ላይ አድርገው ለልጆቹ አሳዩ። "ይቺ ናት" አሉ። በአዲስ ተኩ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

አንዱ ልጅ "ጋሼ፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልጠገኑትም?" ብሎ ጠየቃቸው። ሳይቆጡ መለሱለት። "ማንም አልነገረኝም ልጄ። ሁሉም ሌላው የነገረኝ ይመስለዋል።"

ከዚያ በኋላ ስለ ጋራ ሀብት አያያዝ ብዙ አነበብኩ፤ ብዙም አስተማርኩ። ከዚች ዓረፍተ ነገር የተሻለ መግቢያ ግን አላገኘሁም።

ትምህርት ከአካባቢው ችግር ጋር ይያያዝ፣ ተማሪው ራሱ ይሳተፍ ያልኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1977 ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም፣ ያኔ የሶቭየት ኅብረት አካል በነበረችው ጆርጂያ፣ ትብሊሲ ከተማ ላይ አንድ ትልቅ ጉባኤ አካሂደው ነበር። ከዚያ የወጣው መግለጫ ለአካባቢ ትምህርት አምስት ዓላማ ያስቀምጣል፦ ንቃት፣ እውቀት፣ አመለካከት፣ ክህሎት፣ ተሳትፎ። እንግዲህ የኔን የፈተና ወረቀቶች ብትመረምሩ ከአምስቱ የምታገኙት አንዱን ነው። "ከሚከተሉት ውስጥ የውሃ ብክለት መንስኤ ያልሆነው የትኛው ነው?" ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የማስቲካ ልጣጩን ወንበሩ ሥር ወርውሮ ከአሥር አሥር ያመጣ ተማሪ ነበረኝ። እሱ ምን አጠፋ? የጠየቅኩትን መለሰልኝ።

ብስባሹን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ከቧንቧው በኋላ ትንሽ ጠግቤ ነበር። ከመመገቢያ አዳራሹ የሚወጣውን ትርፍራፊ እየሰበሰብን፣ ከግቢው ጥግ ጉድጓድ ውስጥ እየከመርን፣ በሁለት ወር ጥቁር አፈር እናወጣለን ብዬ ለልጆቹ ቃል ገባሁ። በአሥረኛው ቀን ሽታው ክፍል ድረስ መጣ። ዝንቡ ሌላ ነገር ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራሁ፤ ምን እንደተባልኩ አልጽፍም።

ስህተቴ ቀላል ነበር። የምግብ ትርፍራፊ እርጥብ ነው፤ ናይትሮጅን ይበዛበታል። ብቻውን ሲከመር ይጠቀጠቅና አየር ያጣል። ያኔ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሥራውን ይረከቡታል፤ ያ ሽታ የነሱ ነው። በካርቦን የበለጸገ ደረቅ ነገር መግባት አለበት፤ ጥሩ ክምር ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ሠላሳ እጅ ያህል ካርቦን ይፈልጋል። ይሄን ከመጽሐፍ ሳነብ ከመስኮቱ ውጭ ጭስ ይታየኛል። የጽዳት ሠራተኛዋ እንደየጠዋቱ የጠረጉትን ደረቅ ቅጠል እያቃጠሉ ነው። የጎደለን ነገር ከጉድጓዳችን መቶ እርምጃ ርቀት ላይ በየቀኑ አመድ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ ውስጥ እፈልገዋለሁ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለኔ ነው።

ሴትየዋን ለመንናቸው፤ ቅጠሉን ሰጡን። አገላበጥነው፣ አነባበርነው። በአምስተኛው ቀን ቴርሞሜትሩ 58 ዲግሪ አሳየ። ጠዋት ጠዋት ክምሩ ሲጨስ ልጆቹ ተራ እየያዙ እጃቸውን ያስጠጋሉ፤ ያለ እሳት ለምን እንደሚሞቅ ለማስረዳት ሥዕል አላስፈለገኝም። የጽዳት ሠራተኛዋም በኋላ የክምሩ ባለቤት እሳቸው ሆኑ፤ ፕላስቲክ ቀላቅሎ የጣለ ተማሪ ከሳቸው አያመልጥም። እኔ ግን በተቃጠለው ቅጠል ስንት ዓመት አልፌ እንደሄድኩ ሳስብ ያናድደኛል።

አንድ ሌላ ጥፋትም አለብኝ፤ ይሄኛው አያስቅም። አንድ ቀን ለተማሪዎቼ ሥዕሎች በተከታታይ አሳየኋቸው። የሚቃጠል ደን፣ የተሰነጣጠቀ መሬት፣ የሚናድ በረዶ። ላነቃቸው ነበር ሐሳቤ። ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ወደ ኋላ ቀረች። "ቲቸር፣ እንደዚህ ከሆነ ለምንድን ነው የምንማረው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካ እኔ ያስተማርኩ መስሎኝ አስፈራርቼ ነው የሸኘኋቸው። የሷ ስሜት የብዙዎች መሆኑን ኋላ ላይ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት ፕላኔታሪ ሄልዝ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በአሥር አገሮች ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 10,000 ወጣቶች ጠይቆ ነበር። 59 በመቶው የአየር ንብረት ለውጥ በጣም ወይም እጅግ በጣም ያሳስበናል ብለዋል፤ 45 በመቶው ደግሞ ስሜቱ የዕለት ኑሯችንን ይጎዳዋል ብለዋል።

ሥዕሎቹን ተውኩ፤ በምትካቸው ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት አደልኩ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ሃዋይ፣ ማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት የጀመረውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በእጃቸው እንዲስሉ አደረግኩ። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 315 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። መስመሩ ወደ ላይ መውጣቱን ይጠብቁት ነበር። ያልጠበቁት ጥርሱን ነው፤ በየዓመቱ እንደ መጋዝ ወጣ ገባ ይላል። "ተሳስተን ነው?" አሉ። አልተሳሳቱም። አብዛኛው የብስና አብዛኛው ዕፅዋት ያለው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነው። እዚያ ሞቃቱ ወቅት ሲደርስ ቅጠሉ ካርቦኑን ይስባል፤ ሲረግፍና ሲበሰብስ መልሶ ይለቀዋል። የዓለም ትንፋሽ ወረቀታቸው ላይ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን ነገር አነሳሁ። አገሮች እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ ተስማምተው ከማቀዝቀዣና ከሚረጩ ጣሳዎች ውስጥ ጎጂዎቹን ኬሚካሎች ማውጣት ጀመሩ፤ አሁን ባለው ግምት የአንታርክቲካው ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በ2066 አካባቢ ወደ 1980 ሁኔታው ይመለሳል። ያቺው ልጅ ጣቷን ቆጥራ "ያኔ 58 ዓመቴ ነው" አለች። ሌላ ምንም አላለችም፤ ደብተሯ ላይ ግን ጻፈችው።

አሁን ያለሁት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከየትምህርት ክፍሉ ለሚመጡ ተማሪዎች የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። አምና በመጀመሪያው ቀን አንዲት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ "እኔ አካውንቲንግ ነው የማጠናው፤ ይሄ ምን ይሠራልኛል?" ብላ ጠየቀችኝ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። "ይሄ የተቀመጥንበት ሕንፃ በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል? አጣሪና ንገሪኝ" አልኳት።

አራት ሳምንት ተመላለሰች። ፋይናንስ ወደ ጠቅላላ አገልግሎት ላካት፤ ጠቅላላ አገልግሎት ወደ ፋይናንስ መለሳት። መጨረሻ ላይ ያገኘችው መልስ "የሚያውቅ የለም" የሚል ነው። ለግቢው በሙሉ ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። ሒሳቡ ይመጣል፣ ይከፈላል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ የሚያድረው የመማሪያ አዳራሽ በማንም ስም አይመዘገብም። ሁለት ገጽ ሪፖርት አመጣችልኝ። ስለ ምድር ዕጣ ፈንታ አንዲት ቃል የለችበትም፤ "ባለቤት የሌለው ወጪ" የሚል ርዕስ ሰጥታዋለች። ከክፍሉ ትልቁን ማርክ ሰጠኋት። የቧንቧው ጠጋኝ ትዝ አሉኝ።

የዩኒቨርሲቲ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ፈረንሳይ፣ ታሉዋር ላይ ተሰብስበው ባለ አሥር ነጥብ መግለጫ አውጥተው ነበር። ከአሥሩ አንዱ ተቋሙ ራሱ ሀብት በመቆጠብና ቆሻሻ በመቀነስ አርአያ ይሁን ይላል። ከ500 በላይ ተቋማት ፈርመውበታል። መፈረሙን አልነቅፍም፤ እኔም ሰባት ነጥብ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አውቃለሁ።

ልጅቷ ያቀረበችው ሐሳብ ለሁለት ሕንፃዎች ለየብቻ ቆጣሪ ይግባ የሚል ነበር። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ለአንዱ ገባ። የዘንድሮ ተማሪዎቼ በየአርቡ ሊያነቡት ተራ አውጥተዋል፤ ሠንጠረዡም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ባዶውን። የቆጣሪው ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ነው። ሰኞ ይመለሳል ብለውኛል።