መኪና ያስቆመ ልብ ወለድ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የንባብ ክበብ ሲቋቋም አስተባባሪነቱ እኔ ላይ የወደቀው ቢሮዬ ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛ ስላለ ብቻ ነው። በወር አንድ ልብ ወለድ እናነባለን፣ ዓርብ ምሳ ሰዓት እንወያያለን። ዓርብ የሆነው የምሳ እረፍቱ ስለሚረዝም ነው።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ የመረጡልን አለቃችን ናቸው። «አደፍርስ»፣ ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው። ትልቅ መጽሐፍ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንባቢውን የሚያባብል ጸሐፊ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤና ሪፖርት ሲያገላብጥ ውሎ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚገልጠው ሰው ይከብዳል። ዓርብ ሲደርስ ሁሉም ሻዩን እያማሰለ አቀርቅሯል። አንዱ «ቋንቋው ግሩም ነው» አለ። ሌላዋም «አዎ፣ ቋንቋው ግሩም ነው» አለች። ከሃያ ገጽ ያለፈ እንደሌለ ገባኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ወደ ዘይት ዋጋ ዞረ።

ለሚቀጥለው ወር «ፍቅር እስከ መቃብር» ተባለ። ማጉረምረም አልቀረም። «እሱንማ ትምህርት ቤት ጨርሰነዋል!» የሚሉ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን የጨረስነው ለፈተና የተመረጡትን ገጾች ነው። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ጀምሮ ሁሉም ሰው አንብቤዋለሁ የሚለው መጽሐፍ ነው።

የዚያን ዕለት ክርክሩ ገና ሞቅ ማለት ሲጀምር በሩ ተከፈተና ሹፌራችን ጋሼ ብቅ አሉ። የመስክ ቡድኑ ዕቃውን ጭኖ ግቢ ውስጥ እየጠበቀ ነበር፤ አንዱ ተጓዥ እኛ ጋ ስለተቀመጠ ሊጠሩት ነው የመጡት። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ደግሞ የመጽሐፉን ባላባት ፊታውራሪ መሸሻን ቁም ስቅላቸውን እያሳየች ነበር።

ጋሼ የበሩን እጀታ እንደያዙ «ምን አጠፉ?» አሉ። «ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ላገኙት ሁሉ ይስጧት?»

«ጋሼ፣ እሳቸው እኮ የሚያዩት ልጃቸውን ሳይሆን ዘራቸውን ነው። የመጣውን ሁሉ አጥንቱ አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ ሰብለ ቆማ ቀረች።»

«ደግ ሰው ናቸው አልወጣኝም፣ ልጄ። ባላገሩ በግብር ሲያምፅባቸው የአመፁ መሪ አበጀ በለው የሠራቸውን ሥራ አውቃለሁ፤ የእጃቸውን ነው ያገኙት። አባት ናቸው ነው የምልሽ።»

ጋሼ ወንበር ሳቡ። ከዚያ በኋላ ሰዓት ያየ የለም። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ጥፋቱን ከፊታውራሪው ላይ አንስተው የሰብለ ፍቅረኛ የበዛብህ እናት ላይ ጣሉት። ልጄ ካደገልኝ ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ ብላ ስለት የገባችው እሷ ናት። «ሰው በሌላ ሰው ዕድሜ ይሳላል?» አሉ እትዬ፤ ወላድ የሆኑት ሁሉ ተንጫጩባቸው። በስብሰባ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀው የኮምፒዩተር ባለሙያችን ደግሞ የዘመኑን ሥርዓት የሚነቅፈውን ጉዱ ካሳን ተነሣበት፤ እውነቱን እየተናገረ ምንም ያልለወጠ ሰው ነው፣ ልክ እንደ እኛ ግምገማ ላይ ጮኾ ሰኞ እንደሚረሳው ባልደረባ። አለቃችን አልሳቁም።

መጨረሻ ላይ አንዱ «ጋሼ፣ መቼ አነበቡት?» ሲላቸው «አላነበብኩትም» አሉ፤ «ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው የሰማሁት።» ይኸውላችሁ ሌላ ክርክር! መስማት እንደ ማንበብ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? በበኩሌ ይቆጠራል። ሰውዬው ከሁላችንም በላይ ያስታውሱ ነበር።

መኪናው በጣም ዘግይቶ ወጣ። ከትራንስፖርት ስምሪት ክፍል የቅሬታ ማስታወሻ መጣብኝ፤ ፋይል አድርጌዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ «ለክበብ ምን ይነበብ?» የሚለኝን ሰው መልሼ የምጠይቀው በየትኛው ገጸ ባሕርይ ልንጣላ እንደምንችል ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህር የሚያደንቀው መጽሐፍ ለብቻ ቢነበብ ነውር የለውም። ክበብ ግን ተከሳሽ ይፈልጋል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ለዚህ ወደር የለውም። ጋዜጠኛው ፀጋዬ፣ ደርግ የኤርትራን አማፅያን ለመደምሰስ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ አስመራ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ እጮኛውን ሮማንን ትቶ እዚያ ፊያሜታ ላይ ይወድቃል። ሴቶቹ ሲፈርዱበት ወንዶቹ ጥብቅና ቆሙለት። ወጣቶቹ ግን የያዛቸው ፍቅሩ አልነበረም፤ ለመንግሥት የሚሠራ ሰው የማያምንበትን እስከ መቼ ይጽፋል በሚለው ተጨቃጨቁ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ እንደተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ እንዳልተመለሰ አንድ አዛውንት ባልደረባችን ሲያነሡ ቤቱ ጸጥ አለ። የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆንን መሰለኝ፣ ያ ነገር ለየት ብሎ ገባን።

አሁን ሰኔ ደርሷል። በጀት ሲዘጋ ወፍራም መጽሐፍ የሚነካ የለም። ስለዚህ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን ልብ ወለድ፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለውን፣ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ቀጭን ነው። ልጅቷ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ የሚያፈቅሯት ሰዎች ብቻ አንድ ዓርብ ያስጨርሳሉ። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ግን መጽሐፉን በእጇ መዘን አድርጋ «በሰኔ ይህችም በዛች» ብላኛለች።