የቧንቧ ውሃዬን ለፋብሪካ ኬሚካል እንዴት አስመረመርኩ

ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ስንገባ የሰፈሩን ታሪክ ጎረቤት ነው የነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1980 በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ የውሃ ጉድጓዶች ውስጥ ቲሲኢና ፒሲኢ ተገኙ፤ በ1986 አካባቢው ሱፐርፈንድ በሚባለው፣ መጽዳት ያለባቸው የተበከሉ ቦታዎች የፌዴራል ዝርዝር ገባ። ቲሲኢ ከብረት ላይ ቅባት የሚለቀቅበት ፈሳሽ ነው፤ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ብዙ ተጠቅመውበታል። ፒሲኢ ደግሞ ላውንደሪ ቤቶች ልብስ የሚያጸዱበት ፈሳሽ ነው። ሁለቱም ከውሃ ስለሚከብዱ ወደ ታች ይሰርጋሉ፣ ለአሥርት ዓመታትም አይለቁም። ሕጉ ለእያንዳንዳቸው የሚፈቅደው በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። ሳሰላው አንድ የሻይ ማንኪያ ቲሲኢ ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ እዚህ ወሰን ላይ ያደርሳል።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። «አፍልተን እንጠጣዋ!» አለችኝ። «እማዬ፣ ይሄ እንደ ጀርም አይደለም» አልኳት። ሲፈላ ከውሃው ተንኖ ኩሽናው ውስጥ ይቀራል፤ በአፍ ያልገባው በአፍንጫ ይገባል። ሙቅ ሻወርም እንደዚያው ነው።

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የውሃ ድርጅቱ በየዓመቱ እስከ ጁላይ 1 እንዲያወጣ የሚገደደውን የጥራት ሪፖርት አነበብኩ። የምንጠጣው ተጣርቶ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃና ከሩቅ የሚመጣ የተገዛ ውሃ ቅልቅል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ላቦራቶሪ ይሮጣል።

እኔም ግን ከራሴ ቧንቧ ማየት ፈለግኩ። የስቴቱ ፈቃድ ያለው ላቦራቶሪ ደውዬ ለተናኝ ኬሚካሎች የሚሆነውን፣ 524.2 የሚባለውን ምርመራ ጠየቅኩ። የላኩልኝ ብልቃጦች እያንዳንዳቸው 40 ሚሊሊትር የሚይዙ ናቸው፤ ብርጭቆ እንጂ ፕላስቲክ አይደሉም። ውስጣቸው ያለው ነጭ ዱቄት ቆሻሻ መስሎ ይታያል፤ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ አስኮርቢክ አሲድ ስለሆነ መታጠብ የለበትም።

ሥራው ያለው እዚህ ነው። የቧንቧውን አፍ ወንፊት ፈታሁ፣ ቀዝቃዛውን ውሃ ሙቀቱ እስኪረጋ ለቀቅኩ፣ ከዚያ ቀጭን አድርጌ ሳይንቦጫረቅ ብልቃጡን ዱቄቱ ተጠርጎ እንዳይወጣ እስከ አፉ ሞላሁ። ውሃው ከአፉ በላይ ጉብ ሲል ከደንኩ፣ ገለበጥኩና በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። አየር ከታየ ኬሚካሉ ወደዚያ ይሸሻል፣ ውጤቱም ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። ሽቶና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የዚያን ቀን ከኩሽናው አባረርኩ። ላቦራቶሪው ሞልቶ የላከው ንጹሕ ውሃ ያለበት ብልቃጥም ነበር፤ ሳይከፈት ከናሙናው ጋር በበረዶ ይመለሳል። እሱ ውስጥ ኬሚካል ከተገኘ ብክለቱ የመጣው ከመንገድ ነው።

ውጤቱ ለቲሲኢም ለፒሲኢም «ከ0.5 በታች» አለ፤ በሊትር ማይክሮግራም ማለት ነው። ይህ ዜሮ ማለት አይደለም፤ የዚያን ቀን ቅልቅል ብቻ ነው የሚናገረው። ክሎሮፎርም ግን ተገኘ። ባለቤቴ ደነገጠች። እሱ የሚፈጠረው ከክሎሪን ማከሚያው ነው፤ ከመሰል ኬሚካሎች ጋር ተደምሮ ወሰኑ በሊትር 80 ማይክሮግራም ስለሆነ የእኛ ከዚያ በጣም ያንሳል።

ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ካርቶኑ ላይ ጤና የሚጎዱ ነገሮችን ለሚቀንሱ ማጣሪያዎች የሚሰጠው «ስታንዳርድ 53» መኖሩን፣ ተናኝ ኬሚካሎችንም መጥቀሱን ይመልከት። «ስታንዳርድ 42» ብቻ ከሆነ ለጣዕምና ለሽታ ነው።

እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረትም አብሮ ማስመርመር ለሚፈልግ ቅደም ተከተሉ ይለያል። ለእርሳስ የሚፈለገው ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረው የመጀመሪያው ውሃ ስለሆነ፣ ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት የእርሳሱ ይቀዳ፤ የተናኞቹ ይከተላል።