ከማመልከቻው በፊት የቲቢውን ምርመራ ጨርሱ

ልጄ ባለፈው ዓመት 11ኛ ክፍል ነበረች። እዚህ አሜሪካ ለማይኖሪቲ፣ ማለትም በቁጥር አናሳ ከሆኑ ወገኖች ለመጡ ተማሪዎች የተከፈተ የሰመር ፕሮግራም ውስጥ ተቀበሏት። ስድስት ሳምንት ነው። ጠዋት ሆስፒታል ገብተው ነርሶችንና ሐኪሞችን እየተከተሉ ሥራ ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ አእምሮ ጤና ይማራሉ፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገርና ቡድን መምራት ይለማመዳሉ። እሷ ግን የሆስፒታሉን ደጃፍ ሳትረግጥ ሰመሩ አለቀ። ጥፋቱ ግማሹ የነሱ፣ ግማሹ የኔ ነው። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ፕሮግራሙን ማግኘቱ አልከበደንም። የትምህርት ቤቷን ካውንስለር ጠየቅን፣ ዝርዝር ሰጠችን። ኤሄክ የሚባሉት በፌዴራል መንግሥት የሚደገፉ የጤና ትምህርት ማዕከላት በብዙ ስቴት አሉ። ተማሪዎችን ለኮሌጅ የሚያዘጋጀው አፕዋርድ ባውንድም አለ፣ ነፃ ነው። ድርሰቱን ራሷ ጻፈች፣ ሁለት መምህራን ደብዳቤ ጻፉላት፣ አለቀ።

ሁለት ነገር ብቻ ልበል። «ልጅዎ ለአመራር ኮንፈረንስ ተመርጣለች» የሚል የሚያምር ወረቀት በፖስታ ከመጣላችሁና በሺህ የሚቆጠር ዶላር ክፈሉ ካለ፣ ሽያጭ ነው፣ ተዉት። ደግሞ «ማይኖሪቲ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትፈልጉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳያዩ ከወሰነ ወዲህ፣ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ስለ ቤተሰብ ገቢና ወላጅ ኮሌጅ ስለ መጨረሱ ነው። የፕሮግራሞቹ አስፈላጊነት ግን ያው ነው። ጥቁሮች ከአገሩ ሕዝብ 13 በመቶ ያህል ናቸው፤ ከሐኪሞቹ መካከል ግን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። የኔ ልጅ እዚያ ቁጥር ውስጥ እንድትገባ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መቀበሏን የሚናገረው ኢሜይል ሲመጣ እልል አልኩ። አብሮት የጤና ቅጽ ነበር፦ ክትባት፣ የሐኪም ፊርማ፣ የቲቢ የቆዳ ምርመራ። ሦስት ሳምንት ሰጡን። ቀላል መሰለኝ።

ሰኞ ክሊኒክ ሄድን። ክንዷ ላይ ቆዳው ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ወጓት። ውጤቱ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሚነበብ ረቡዕ ተመለስን። ክንዷ ቀልቷል። የምታነበው ሴትዮ ማስመሪያ አወጣች። ቅላቱን ከዳር እስከ ዳር ለካችና 18 ሚሊሜትር ብላ ጻፈች። «ፖዘቲቭ።» ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። የት ተወለደች፣ የቲቢ መከላከያውን ቢሲጂ ተከትባለች ወይ ብላ አልጠየቀችም። እኔም አፌን አልከፈትኩም።

የሚለካው በጣት ሲዳሰስ ጠጠር የሚለው እብጠት ነው፤ ቅላቱ አይቆጠርም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ልኩም ለሁሉ አንድ አይደለም። ምንም ተጋላጭነት የሌለው ሰው ፖዘቲቭ የሚባለው በ15 ሚሊሜትር ነው፤ ቲቢ ከበዛበት አገር በቅርብ ዓመታት ለመጣ ሰው 10 ይበቃል። በዚያ ላይ እኛ አገር ሕፃን ሲወለድ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት የቆዳውን ምርመራ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ቲቢን በደም የሚፈትሽ ሌላ ምርመራ አለ፤ እሱን ግን ቢሲጂ አያሳስተውም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ ራሱ ቢሲጂ ለተከተበ ሰው የደሙን ይመርጣል። ለስደተኛ ልጆች ጭምር ፕሮግራም የሚከፍት ሰው ቅጹ ላይ ይህን አንድ መስመር መጻፍ እንዴት ያቅተዋል?

ስንመለስ መኪና ውስጥ «እማዬ፣ ቲቢ አለብኝ እንዴ?» አለችኝ። የመለስኩላት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። «ዝም በይ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ቲቢ የያዘው ሰው ብርጭቆው ለብቻው ነበር የሚቀመጠው። ያ ነው ከአፌ የወጣው። ፖዘቲቭ ማለት እኮ ታማለች ማለት እንኳ አይደለም። ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ፣ ሰውዬው ሳይታመም፣ ለሌላም ሳያስተላልፍ ዕድሜውን ሊኖር ይችላል። ስለ ጤና ሌላውን ልታስተምር የምትዘጋጅ ልጅ ናት፤ ከእናቷ የሰማችው የመጀመሪያ ትምህርት «ደብቂ» የሚል ሆነ።

በዚያ እፍረት ዘጠኝ ቀን ለፕሮግራሙ ሳልደውል ቀረሁ። ስደውል ራጅ አምጡ አሉ። ራጁ ንጹህ ነው። ከዚያ የሐኪም ደብዳቤ አሉ። ወሰድን። «ማኅተም የለበትም» አሉ። በደወልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሳል፤ ከመጀመሪያው አንስቼ እንደ አዲስ እተርካለሁ። አንዷ «ቅጹን በደንብ ያንብቡት» አለችኝ። ቅጹን እኮ በቃሌ ይዤዋለሁ! ቀኑ አለፈ። የሆስፒታሉ ቦታዋ ለተጠባባቂ ተሰጠ፤ ለሷ የከሰዓቱ ክፍል ብቻ ቀረላት።

ራሷን መርምሮ የሚያያት ሐኪም ጋ ቀጠሮ የደረሰን ፕሮግራሙ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ነው። ዶክተሩ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበ። ክንዷ ላይ ያለችውን ክብ ጠባሳ በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ «ይሄ የቢሲጂ ነው። የደም ምርመራ ለምን አልጠየቃችሁም?» አለ። በአራተኛው ቀን ውጤቱ መጣ፤ ኔጌቲቭ።

ስለዚህ የኔ ምክር ከነሱ መመሪያ ይለያል። እነሱ ከተቀበልናችሁ በኋላ ጀምሩ ይላሉ። እኔ ከማመልከታችሁ በፊት ጨርሱ እላለሁ። ልጁ ቢሲጂ ተከትቦ ከሆነ ቅጹ «የቆዳ» ቢልም የደም ምርመራ ጠይቁ፤ እንደሚቀበሉም በኢሜይል አስጽፉ። በስልክ የተባለ ነገር የለም ብላችሁ ቁጠሩት። የክትባት ካርድ ጠፍቶ ለኩፍኝ እንደገና የሚከተብ ልጅ ካላችሁ፣ የቲቢ ምርመራውን በዚያው ቀን አድርጉ። ካለፋችሁ አራት ሳምንት መጠበቅ አለባችሁ፤ ክትባቱ ውጤቱን ሊያደበዝዘው ይችላል። ከሁሉም በላይ የክሊኒኩ መስኮት ጋ ስትደርሱ ተናገሩ። ቲቢ የሚለውን ቃል ጮክ ብላችሁ በሉት።

ልጄ በከሰዓቱ ክፍል ለመጨረሻው ዝግጅት ቲቢን መረጠች። ሳትጠይቀኝ ነው የመረጠችው። ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ፊት ቆማ እጅጌዋን ሰብስባ ጠባሳዋን አሳየች። ከኋላ አንድ ልጅ «እኔም አለኝ» ብሎ ክንዱን አነሳ።

ዘንድሮ እንደገና አመልክታ ሆስፒታሉም ገባች። የደም ምርመራዋን ውጤት ከማመልከቻው ጋር አብረን ላክን። ቅጹ ግን አሁንም የሚለው «የቆዳ ምርመራ» ብቻ ነው። እንዲያስተካክሉት ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ መልስ አልመጣም።